ነጠላው ለምን ቢጫ ሆነ? የሞኒተር ቀለም መለኪያ ስለመምረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የምታነሳ አንዲት ፎቶግራፈር የላከችው ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቤት ውስጥ 27 ኢንች ሞኒተር አለኝ፤ ካርቶኑ ላይ 95 በመቶ ዲሲአይ-ፒ3 ይላል። አንድ ርካሽ ላፕቶፕም አለኝ። ስክሪን ላይ አሪፍ የነበረው ፎቶ አልበም ሆኖ ሲመጣ ይጨልምብኛል። የሙሽራዋ ነጠላ ደግሞ ቢጫ ይመስላል። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለሚመጣ የካሊብሬሽን መሣሪያ እንዲያመጣልኝ ልነግረው ነው። ስፓይደር ይሻላል ወይስ ካሊብራይት? ርካሹ ይበቃኛል? አንድ የሙያ ጓደኛዬ ደግሞ ስፔክትሮፎቶሜትር ካልሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ ብሎኛል።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ካሊብራይት ዲስፕሌይ ፕሮ ኤችኤል የሚባለውን ያምጣልሽ። ስፔክትሮፎቶሜትር አያስፈልግሽም። የአልበሙ መጨለም ግን በአብዛኛው የቀለም ችግር አይደለም፤ የብርሃን ነው። እሱን ምንም ሳትገዢ ዛሬ ማታ ማስተካከል ትችያለሽ።

እንግዲህ ከጨለማው እንጀምር። አዲስ ሞኒተር ብራይትነሱ ከፍ ተደርጎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሱቅ ውስጥ ዓይን መያዝ አለበታ። ብዙዎቹ ሞኒተሮች እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ ከ250 እስከ 350 ኒት ይደርሳሉ። ኒት የስክሪን ብርሃን የሚለካበት ነው፤ በሰነዶች ላይ ካንዴላ በካሬ ሜትር ተብሎ ታገኚዋለሽ። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን መብራት ነው መልሶ የሚሰጥሽ። በተለመደ የሳሎን መብራት ሥር አንድ ነጭ ወረቀት 100 ኒት እንኳን ላይሞላ ይችላል።

አሁን የሚሆነውን እዪው። 300 ኒት በሚያበራ ስክሪን ላይ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ኮሌታው፣ ቁልፉ፣ ስፌቱ ሁሉ ይለያል። ስለዚህ ጥላውን ማንሳት አያስፈልግም ትያለሽ። እንዲያውም ፎቶው የበራ ስለሚመስልሽ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ትቀንሻለሽ። አልበሙ ሲመጣ ሱፉ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ማተሚያ ቤቱ የላክሽለትን ነው ያተመው።

በነፃ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ፎቶሾፕ ውስጥ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቺ። አንድ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዢ። መብራቱ ሁልጊዜ ስትሠሪ የሚበራው ይሁን። ስክሪኑ ቦግ ብሎ ወረቀቱ ግራጫ ከመሰለሽ ብራይትነሱ በዝቷል ማለት ነው። ሁለቱ እስኪቀራረቡ ቀንሺው። የመጀመሪያው ቀን ይደብርሻል፤ ስክሪኑ የሞተ ይመስልሻል። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ አትመልሺው። መሣሪያው ሲመጣ ይህንኑ በቁጥር ይነግርሻል። ለህትመት የሚሠራ ሰው ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው መካከል ነው የሚሠራው። ኤስአርጂቢ የሚባለው፣ ብዙ ስክሪኖችና ኢንተርኔቱ የሚከተሉት የቀለም ደረጃ ራሱ 80 ነው የሚለው። እኔ ለአልበም ሥራ 100 ላይ አስቀምጪው እላለሁ።

ቢጫው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው በእርግጥም የቀለም ነው። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ነጫቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። 6500 ኬልቪን መሆን ያለበት ነጭ 7000 እና ከዚያም በላይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዓይንሽ ስለለመደው ሰማያዊ መሆኑ አይታይሽም። ነጠላው ግን ቀዝቃዛ ይመስልሻል። ላይትሩም ላይ ቴምፕሬቸሩን ወደ ቢጫ ትገፊዋለሽ። ስክሪንሽ ላይ ነጠላው ነጭ ሲሆን ፋይሉ ውስጥ ቢጫ ሆኗል። ጠይም ፊት ላይ ትንሽ ሙቀት ቢጨመር ማንም አያስተውልም፤ እንዲያውም ያምርበታል። ነጭ ጥጥ ላይ ግን መደበቂያ የለም። የሀበሻ ልብስ የሚያነሳ ሰው ከሌላው በላይ ነጭ ማስተካከል የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የሞኒተሩ ይሁን የማተሚያ ቤቱ ሳታውቂ ገንዘብ አታውጪ። መለያው ቀላል ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ በቁጥር ግራጫ ሳጥኖች ሥሪ። ቀይ 128፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 128 ብለሽ አንድ፤ ሦስቱንም 64 አድርገሽ አንድ፤ 200 አድርገሽ ሌላ። ከጎናቸው አንድ በደንብ የተነሳ የፊት ፎቶ ጨምሪ። በኤስአርጂቢ አስቀምጪውና ለማተሚያ ቤቱ ላኪ። «ምንም ማስተካከያ እንዳታደርጉበት» በያቸው፤ ብዙ ላቦች ሳይጠየቁ ማሽኑ በራሱ እንዲያስተካክል ይተዉታል። ሳጥኖቹን በቁጥር ስለሠራሻቸው ስክሪንሽ በጉዳዩ ውስጥ የለበትም። ግራጫው ቢጫ ሆኖ ከመጣ ችግሩ እነሱ ጋ ነው፤ አንቺ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ምንም መሣሪያ አይፈታውም። ግራጫው ግራጫ ሆኖ ከመጣ ግን የሞኒተርሽ ነገር ነው፤ መሣሪያው ይገባሻል። ህትመቱን ስታዪ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በሌለበት እዪው። ቢጫ አምፖል ሥር የታየ ግራጫ ምስክር አይሆንም።

በዚያው አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራሽ ወይም ላይትሩምሽ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ከኤስአርጂቢ የሰፋ የቀለም ክልል ላይ ከሆነ፣ ላቡም ፋይሉ ውስጥ ያለውን የቀለም መግለጫ (ፕሮፋይል) የማያነብ ከሆነ፣ ፎቶው ደብዝዞ ይወጣል። ለላብ የምትልኪው ፋይል ሁልጊዜ ኤስአርጂቢ ይሁን፤ ላቡ ራሱ ሌላ ካልጠየቀሽ በቀር።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሰው ግን ሁለቱንም ካሊብሬሽን ብሎ ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ማስተካከል ነው፤ የነጩን ቀለም፣ ብርሃኑንና ጋማውን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉት ደረጃዎች የሚደምቁበትን መጠን) ወደምትፈልጊው ቦታ ማምጣት። ሁለተኛው መመዝገብ ነው፤ ሞኒተሩ ቀይ ሲባል ምን ዓይነት ቀይ እንደሚያወጣ ለክቶ አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባል ፋይል መጻፍ። ፎቶሾፕና ላይትሩም ያንን ፋይል አንብበው ፎቶሽን ለሞኒተርሽ ይተረጉሙታል። ለአንቺ ሁለተኛው በተለይ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የአንቺ ሞኒተር ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ነው። ካርቶንሽ ላይ ያለውን ዲሲአይ-ፒ3፣ ከኤስአርጂቢ የሰፋውን የቀለም ክልል፣ የሚሸፍን ስክሪን ፕሮፋይል ከሌለው የኤስአርጂቢ ፎቶ ላይ ቀዩን ያጋንነዋል። ፊቱ የቀላ ይመስልሻል፣ ሳቹሬሽን ትቀንሻለሽ፣ አልበሙ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ አመድ የመሰሉ ሆነው ይመጣሉ።

የማይሠራውንም ልንገርሽ። መሣሪያ የሌለውን ቀለም አይፈጥርም። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው ስክሪን፣ መግለጫው ላይ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ (የድሮ የቴሌቪዥን የቀለም ክልል) የሚለው፣ ከኤስአርጂቢ ሁለት ሦስተኛውን እንኳን በወጉ አይሸፍንም። ብትለኪውም ጥበቱ ያው ነው። ላፕቶፕሽ እንዲህ ከሆነ ምርጫና ክሮፕ ሥሪበት፤ ቀለም አትንኪበት።

ጓደኛሽ ስላለው ስለ ስፔክትሮፎቶሜትር ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ግማሽ እውነት አለውና።

ለሞኒተር የሚሸጡት መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ከለሪሜትር የሚባለው ከሌንሱ ጀርባ ባለቀለም ማጣሪያዎች አሉት። ማጣሪያዎቹ የሰው ዓይን ቀለም የሚያይበትን መንገድ እንዲመስሉ ነው የተሠሩት፤ መለኪያው በ1931 የወጣው የሲአይኢ ስታንዳርድ ነው። ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር ግን ማጣሪያ አይጠቀምም። ብርሃኑን ወደ ቀስተ ደመናው ይበትነውና እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ይለካል፤ አይዋን ፕሮ 3 ለምሳሌ ከ380 እስከ 730 ናኖሜትር ያለውን በየ10 ናኖሜትሩ ይሰጥሻል። ከዚያ የዓይኑን ስሌት በሶፍትዌር ይሠራል። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ምንም ዓይነት ስክሪን ቢሆን ብዙም አይወናበድም። ጓደኛሽ ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

የከለሪሜትር ድክመት ማጣሪያው ነው። የትኛውም ማጣሪያ የ1931ዱን ስሌት ሙሉ በሙሉ አይመስልም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው። ተራ ነጭ ኤልኢዲ ባክላይት (ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት) ያለው ሞኒተር ብርሃኑ ለስላሳና የተዘረጋ ነው። እንደ አንቺ ያለው ሰፊ ክልል ያለው ሞኒተር ግን ብዙ ጊዜ ፒኤፍኤስ የሚባል ፎስፈር፣ ማለትም የመብራቱን ብርሃን ወደ ሌላ ቀለም የሚቀይር ቁስ፣ ይጠቀማል፤ ቀዩ 630 ናኖሜትር አካባቢ እንደ መርፌ በቀጠኑ ጫፎች ነው የሚመጣው። ኳንተም ዶት ያለውም፣ ኦሌድ የሆነውም የየራሱ ቅርጽ አለው። ማጣሪያው በዚያች ቀጭን ቦታ ላይ ትንሽ ከሳተ የነጩ ንባብ ይሳሳታል። ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ካሊብሬት ተደርጎ ያለቀ ሞኒተር ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። «መሣሪያው አበላሸብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ይህንን ነው።

መፍትሔው ግን ስፔክትሮ መግዛት አይደለም። ማስተካከያ ነው። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ላይ «የሞኒተርህ ዓይነት ምንድን ነው?» ብሎ ዝርዝር ያወጣልሻል። ነጭ ኤልኢዲ፣ ፒኤፍኤስ፣ ጂቢአር ኤልኢዲ፣ ኦሌድ ወዘተ ይላል። ሰው ይህንን ጥያቄ ሳያነብ ቀጥል ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። ትክክለኛውን ስትመርጪ ሶፍትዌሩ የዚያን ባክላይት የብርሃን ቅርጽና የመሣሪያውን የማጣሪያ ባህርይ አገናኝቶ ንባቡን ያርመዋል። ለአንቺ ሞኒተር በመጀመሪያ ፒኤፍኤስን ሞክሪ። የሞዴሉን ቁጥር ይዘሽ ስለ ባክላይቱ የተጻፈ መግለጫ ካገኘሽ ደግሞ እሱን ተከተዪ።

ስፔክትሮ የራሱ ድክመትም አለው። ብርሃኑን ስለሚበታትን እያንዳንዱ ቁራጭ ጥቂት ብርሃን ነው የሚደርሰው። ጥቁርና ጥቁር ቀረብ ያሉ ቀለሞች ላይ ንባቡ ይዋዥቃል፣ ጊዜም ይፈጃል። ከለሪሜትር እዚያው ቦታ ላይ ፈጣንና የተረጋጋ ነው። ለዚህ ነው ትልልቅ ስቱዲዮዎች ሁለቱንም የሚይዙት፤ በስፔክትሮው ከለሪሜትሩን ያርሙና ሥራውን በከለሪሜትሩ ይሠራሉ። ዋጋውም አለ። አነስተኛው ካሊብራይት ከለርቼከር ስቱዲዮ ወደ 500 ዶላር ገደማ ነው፤ አይዋን ፕሮ 3 ከ1,000 ዶላር በእጅጉ ይበልጣል። የራስሽ ፕሪንተር ኖሮሽ ለየወረቀቱ ፕሮፋይል መሥራት ብትፈልጊ ኖሮ ስፔክትሮ ግዢ እልሽ ነበር፤ ከለሪሜትር ወረቀት አይለካምና። አንቺ ግን የምታሳትሚው ላብ ነው።

ስለዚህ ከለሪሜትር ነው። ከየትኛው ቤት ይሁን?

ገበያው ላይ በዋናነት ሁለት ስም ነው ያለው። አንደኛው ዳታከለር ነው፤ የስፓይደር ባለቤት። ሌላኛው ድሮ ኤክስራይት ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ የፎቶና የቪዲዮ ዕቃዎቹ ካሊብራይት በሚል ስም ነው የሚሸጡት። በ2011 የወጣው አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ የሚባለው መሣሪያ ለዓመታት የሙያው መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። አሁን ካሊብራይት የሚሸጣቸው የዚያው ዘር ናቸው። በ2023 ዲስፕሌይ ኤስኤል፣ ዲስፕሌይ ፕሮ ኤችኤል እና ዲስፕሌይ ፕላስ ኤችኤል ወጡ፤ በ2024 ደግሞ ለጀማሪ ዲስፕሌይ 123 የሚባል ርካሽ ተጨመረ። ከስፓይደር በኩል በ2019 ስፓይደር ኤክስ፣ በ2023 ስፓይደር ኤክስ2፣ በ2024 ደግሞ አዲሱ ስፓይደርና ስፓይደርፕሮ መጥተዋል።

ሻጮቹ የሚጣሉት በኒት ነው። ፕሮ ኤችኤል 3,000 ኒት ድረስ እለካለሁ ይላል፣ ፕላስ ኤችኤል 10,000፣ ስፓይደርፕሮ 12,000። አንቺ የምትሠሪው 100 ኒት ላይ ነው። ይህ ቁጥር ኤችዲአር ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው እንጂ ለአልበም ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ፕላስ ኤችኤልን እርሺው። ዲስፕሌይ 123 ወደ 120 ዶላር ነው፤ ለተማሪ አይከፋም፣ ሶፍትዌሩ ግን ሆን ተብሎ የቀለለ ስለሆነ የፈለግሽውን ኒትና ነጭ እንደልብሽ አያስመርጥሽም። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ልክ ያ ነው። ፕሮ ኤችኤል ወደ 280 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ዋጋው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቅናሽ ሲኖርም ያገኘዋል።

ስፓይደር መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። የቅርቦቹ ፈጣን ናቸው፣ አንድ ሰው በቅናሽ ስፓይደርፕሮ ቢሰጥሽ ደስ ብሎሽ ተቀበዪው። እኔ ወደ ካሊብራይት የማደላው በሶፍትዌር ምክንያት ነው። የአይዋን ዲስፕሌይ ዘር የየባክላይቱን ማስተካከያ በደንብ ይቀበላል፤ ነፃዎቹ ፕሮግራሞችም ለረጅም ጊዜ የተፈተኑት በእሱ ላይ ነው። ሙያዊ ሞኒተር ሠሪዎችም በራሳቸው የካሊብሬሽን ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደግፉት እሱን ነው። ነገ ኤይዞ ወይም ቤንኪው ኤስደብሊው ብትገዢ መሣሪያሽ አብሮሽ ይሄዳል።

በዚህ ዕቃ ላይ የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከውስጡ አካል ሳይሆን ከሶፍትዌሩ እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ድሮ ከለርመንኪ ዲስፕሌይ የሚባል ርካሽ ነበር፤ ውስጡ ከአይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ ጋር አንድ ነው ሊባል ይችላል፣ እንዲዘገይና የውዱን ሶፍትዌር እንዳይከፍት ተደርጎ ብቻ ነው የተሸጠው። እዚህ ጋ ነው ነፃ ሶፍትዌር የሚገባው። ግሬም ጊል የሠራው አርጋይል ሲኤምኤስ አለ፤ በእሱ ላይ ደግሞ ፍሎሪያን ሆህ ዲስፕሌይካል የሚባለውን ገጽታ ሠርቶለታል። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ዲስፕሌይካል ትንሽ ያስቸግራል፣ ምርጫው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን ተጠቀሚ። ስትለምጂው ወደ ዲስፕሌይካል ትሄጃለሽ።

ሁለተኛ እጅ የሚሸጥ ካገኘሽ ተጠንቀቂ። እንደ ስፓይደር 2፣ ስፓይደር 3 እና አይዋን ዲስፕሌይ 2 ያሉት የድሮዎቹ የጄል ማጣሪያ ነበራቸው፤ በብርሃን፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት ይደበዝዛል። መሣሪያው ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ቁጥር ይሰጥሻል። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ከዚህ የከፋ መሣሪያ የለም፤ ከጭራሹ ባይኖርሽ ይሻላል።

ለወንድምሽ የሞዴሉን ሙሉ ስም ጽፈሽ ላኪለት፤ ስሞቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ «ዲስፕሌይ» ብቻ ካልሽው የተለየ ይዞልሽ ይመጣል። ያልተከፈተ፣ ከታወቀ ሻጭ የተገዛ ይሁን። ፕሮ ኤችኤል ዩኤስቢ-ሲ ነው፣ ለድሮው ዩኤስቢ አዳፕተር አብሮት ይመጣል፤ ካርቶኑን ሲጥል አዳፕተሩን አብሮ እንዳይጥለው ንገሪው። እሱ ከመመለሱ በፊት ሰክተሽ ሞክሪው። ዋስትናው አሜሪካ ነው ያለው።

መሣሪያው እጅሽ ሲገባ ሥራው እንዲህ ነው። ሞኒተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይሙቅ። ዊንዶውስ ላይ ናይት ላይት የሚለውን አጥፊ፤ ማክ ከሆነ ትሩ ቶንን። ሞኒተሩ ራሱ ውስጥ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ፣ አውቶ ብራይትነስ የሚሉ ነገሮች ካሉ ሁሉንም ዝጊ። መጋረጃውን ሳቢ። ነጭ 6500 ኬልቪን ወይም ዲ65፣ ጋማ 2.2፣ ብርሃን 100 ኒት ብለሽ ምረጪ። የኅትመት ቤት ሰዎች 5000 ኬልቪን ሲሉ ትሰሚ ይሆናል፤ እሱ ልዩ የማያ መብራት ላላቸው ነው፣ አንቺ አትነካኪው።

መሣሪያው ስክሪኑ ፊት ለፊት ይንጠለጠላል፣ ገመዱ ላይ ያለው ክብደት ከሞኒተሩ ጀርባ ይወርዳል። ሞኒተሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብዪው፤ መሣሪያው ስክሪኑ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፣ የውጭ ብርሃን አይገባም። ከዚያ ሶፍትዌሩ ሦስት መስመር ያሳይሻል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ችኩል ሰው ይህንን ይዘለዋል። አትዝለዪው። በሞኒተሩ ቁልፎች ወደ ከለር ሜኑ ግቢ፣ «ከስተም» ወይም «ዩዘር» የሚለውን ምረጪ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም 100 ላይ ይሆናሉ። ሰማያዊው መስመር ከሌሎቹ በልጦ ታገኚዋለሽ። ሰማያዊውን 97፣ 95፣ 93 እያልሽ ቀስ ብለሽ አውርጂ። መስመሮቹ ሲቀራረቡ አረንጓዴውን በአንድ ሁለት ነጥብ ነካ አድርጊ። ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ብራይትነሱን ወደ 100 ኒት አምጪ። ይህንን በሞኒተሩ ቁልፍ ካልሠራሽው ሶፍትዌሩ በግራፊክስ ካርዱ በኩል ይሠራዋል። ያኔ ከ256ቱ የብርሃን ደረጃዎች የተወሰኑት ይበላሉ፤ ሰማይ ወይም ግድግዳ ላይ ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር ማየት ትጀምሪያለሽ። ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ሜኑ ስለሌለው ምርጫ የለውም።

ከዚያ በኋላ እጅሽን አንሺ፤ ቀለሞቹ እየተለዋወጡ ራሱ ይጨርሳል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከቆመበት አትቀጥዪ። ሲመለስ ሞኒተሩ እንደገና ይሙቅና ከመጀመሪያው ይለካ። ላፕቶፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይገባል፣ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ሳይነግሩሽ ብርሃኑን ይቀንሳሉ፣ ኮንትራስቱንም ይነካካሉ። በባትሪ ላይ ሆነሽ የሠራሽውን ቀለም ሳታዪው እንዳትልኪ።

ሲያልቅ ዴልታ ኢ የሚል ሪፖርት ይወጣል፤ በተፈለገው ቀለምና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ2 በታች ጥሩ ነው፣ ከ1 በታች ከሆነ ልዩነቱን በዓይን መለየት ይከብዳል። ግን በዚህ ቁጥር ብዙ አትደሰቺ። መሣሪያው ራሱ ያስተካከለውን ራሱ ነው የለካው። የባክላይቱን ዓይነት ተሳስተሽ መርጠሽ ቢሆንም 0.5 ብሎ ሊያሞግስሽ ይችላል። እውነተኛው ፈተና ያ ያሳተምሽው ግራጫ ሳጥን ነው፤ ከስክሪኑ ጎን አድርገሽ እዪው።

ሞኒተርሽና ላፕቶፕሽ ሁለቱም በአንድ መሣሪያ ተለክተውም አንድ ዓይነት አይመስሉም። አትበሳጪ። ባክላይታቸው ስለሚለያይ ቁጥራቸው እኩል ሆኖም ዓይን ልዩነት ያያል። አንዱን ዳኛ አድርጊው፤ እሱም ሞኒተሩ ይሁን። የደንበኛሽን ስልክ ደግሞ ፈጽሞ አታሳድጂው። ስልኩ «ቪቪድ» ላይ ሆኖ ከሆነ የሚያየውን ቀለም አንቺ ልትቆጣጠሪው አትችዪም።

ቪዲዮም የምትሠሪ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ዊንዶውስ ላይ የሞኒተር ፕሮፋይልን አያነብም። ከዲስፕሌይካል 3ዲ ሉት የሚባለውን የቀለም መተርጎሚያ ሠንጠረዥ አውጥተሽ ለማያ ስክሪኑ መጫን ይኖርብሻል። ፕሪሚየር ግን ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ከለር ማኔጅመንት የሚለውን ስታበሪው ፕሮፋይሉን ይጠቀማል።

በየስንት ጊዜው ይለካ? የዛሬ ኤልኢዲ ሞኒተር ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። በየሁለት ወሩ ይበቃል፤ ትልቅ አልበም ከመላክሽ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ። ሶፍትዌሩ «ጊዜው ደርሷል» እያለ በየሳምንቱ ከጨቀጨቀሽ ማስታወሻውን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ወደ 8 ሳምንት አሳድጊው።